የማጉያውን ጀርባ ሳያዩ ዳክ አይገዛም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ጎረቤቶቼ፤

የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍታችሁን ትታችሁ በዚህ በየካ አባዶ የጋራ መጠቀሚያ ቤታችን ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ቴፕና ማጉያ (አምፕሊፋየር) መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ የምታመጡልኝ ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ «ካሴት በላብኝ» ወይም «ጎማው ላልቷል» ነበር፤ አሁን ግን «በስልኬ ያለውን ዘፈን በድሮው ማጉያዬ አጥርቶ የሚያሰማኝ የትኛው ዳክ ነው?» የሚል ሆኗል። የአንድ ዕቃ ስም ጠርቼ ብቀመጥ ለእኔም ይቀለኝ ነበር፤ መልሱ የሚገኘው ግን ሱቅ ውስጥ ሳይሆን እቤታችሁ ባለው ማጉያ ጀርባ ላይ በመሆኑ ንግግሬን ከዚያ እጀምራለሁ።

አስቀድሜ ዳክ ምን እንደሚሠራ ልናገር። በስልክም ሆነ በፍላሽ የተቀመጠ ዘፈን የቁጥር ክምችት ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሲዲ የድምፁን ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት፣ ማለትም በ16 የዜሮና የአንድ አሃዞች፣ ያስቀምጣል። ስፒከር ግን ቁጥር አያውቅም፤ እርሱን የሚያንቀሳቅሰው ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ ነው። ቁጥሩን ወደ ቮልቴጅ የሚመልሰው ዕቃ ዳክ ይባላል። ስልካችሁም፣ ቴሌቪዥናችሁም፣ ላፕቶፓችሁም፣ ብሉቱዝ ስፒከራችሁም በሆዳቸው አንዳንድ ዳክ አላቸው፤ ለብቻው የሚሸጠውን መግዛት ያለብን ያለን ሲያንሰን ብቻ ነው። በተለይ በብሉቱዝ የምታዳምጡ ከሆነ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ተቀባዩ ስፒከር ስለሆነ፣ ስልኩ ላይ የሚሰካ ዳክ ገዝታችሁ አንዳችም ለውጥ አትሰሙም። ይህን ገንዘባቸውን ከከፈሉ በኋላ የነገርኳቸው ሰዎች አሉ፤ ፊታቸው እስካሁን አይጠፋኝም።

አሁን ማጉያውን አዙሩትና አቧራውን ጠርጋችሁ ከኋላው ያሉትን ቀይና ነጭ መሰኪያዎች ተመልከቱ። «ኦክስ»፣ «ሲዲ» ወይም «ቴፕ» ተብሎ የተጻፈበት ለዳክ ይሆናል። «ፎኖ» የሚለውን ግን አትንኩት። እርሱ የተዘጋጀው ለሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ከመርፌው የሚመጣውን የጥቂት ሚሊቮልት ምልክት ወደ 100 እጥፍ ያህል ያሳድጋል፣ ወፍራሙን ድምፅ ይጨምራል፣ ቀጭኑን ይቀንሳል። ዳክ እዚያ የሰካ ሰው የሚሰማው የተቀደደ ጩኸት ነው፤ ከዚያም ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ሻጩን ሊጣላ ይሄዳል።

ከመሰኪያው ቀጥሎ የሚመጣው የቮልቴጅ ጉዳይ ብዙዎቻችን የማናስበው ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። አብዛኛው የዛሬ ዳክ በሙሉ ድምፅ ወደ 2 ቮልት ያወጣል። በካሴት ዘመን የተሠሩ ብዙ ማጉያዎች ግን ሙሉ ኃይላቸውን ለመስጠት 150 ሚሊቮልት ገደማ ይበቃቸዋል፤ ልዩነቱ ከ13 እጥፍ በላይ ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ዳኬን የገዛሁት በካርቶኑ ላይ በትልልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ ነበር። የማጉያዬን ድምፅ ቁልፍ ገና ጥፍር በምታህል መጠን ሳዞረው ቤቱ ተናወጠ፤ መልሼ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ የግራው ስፒከር ጠፍቶ የቀኙ ብቻ ቀረ። ሁለት ቀን ሙሉ ዳኩን ስረግም ከቆየሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የማን እንደሆነ የገባኝ። እንዲህ ዓይነት ቁልፎች በመነሻቸው አካባቢ ሁለቱን ወገን እኩል አያስኬዱም፤ እኔ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ስለላክሁ ቁልፉን ከዚያች መነሻ ፈቀቅ ማድረግ አልቻልኩም። መፍትሔው ርካሽ ነበር፦ የዳኩን የራሱን ድምፅ በ20 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) መቀነስ። እያንዳንዱ ቢት 6 ዲሲቤል ያህል ስለሚይዝ፣ በ24 ቢት በሚሠራ ዳክ ላይ ይህ ቅነሳ የሚወስደው ከ3 ቢት ጥቂት በለጥ ያለ ብቻ ነው፤ ጆሮ አያውቀውም። ስለዚህ የድሮ ማጉያ ያላችሁ ሰዎች ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ዳኩ የራሱ ድምፅ መቀነሻ ያለው መሆኑን ነው። በአንጻሩ ከስልክ ቻርጅ ቀዳዳ የሚሰኩት ትንንሾቹ ዳኮች ብዙዎቹ 1 ቮልት አካባቢ ያወጣሉ፤ ለእንደነዚህ ዓይነት ማጉያዎች ከበቂ በላይ ነው። የጆሮ ማዳመጫ የምትጠቀሙ ደግሞ የዳኩ የመውጫ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ከማዳመጫው ኦም ከስምንት አንድ እጅ እንዳይበልጥ እዩ፤ ስለ ማዳመጫ ከዚህ በላይ አልልም።

ወደ ዳኩ መግቢያ ስንመጣ ምርጫው የሚወሰነው ዘፈኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። ከቴሌቪዥን ከሆነ የብርሃን መስመር፣ ማለትም ኦፕቲካል፣ ያስፈልጋችኋል። አንድ ጎረቤታችን «ገመዱ አልገባም አለኝ» ብለው ጠርተውኝ ስሄድ፣ በገመዱ ጫፍ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው የሩዝ ፍሬ የምታህል ግልጽ ቆብ አልወለቀችም ነበር። ቆቧን አውልቀን ስንሰካው ቀይ ብርሃኑ ታየ፤ ድምፁ ግን አሁንም አልመጣም። ቴሌቪዥኑ የሚልከው ለሲኒማ የታሸገ የድምፅ ዓይነት ስለነበረ ዳኩ ሊያነበው አልቻለም። በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብተን «ፒሲኤም» የሚለውን፣ ማለትም ያልታሸገውን ድምፅ፣ ስንመርጥ የምሽቱ ዜና ቤቱን ሞላው። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ በብርሃን መስመር የሚወጣውን ድምፅ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ብዙውን ጊዜ አይቀንሰውም። እናታችሁ ሪሞቱን እየተጫኑ «ይሄ ነገር ጆሮ የለውም እንዴ?» እንዳይሉ፣ ከዳኩ ወይም ከማጉያው አንዱ ሪሞት ያለው ቢሆን ይመረጣል።

ከላፕቶፕ በዩኤስቢ ለምታዳምጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሙዚቃው ሲቆም ከሥር «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ከተሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ከሶኬቱ ንቀሉት። ጉርምርምታው አብሮ ከጠፋ ዳኩ ንጹሕ ነው፤ በላፕቶፑና በማጉያው መካከል በምድር መስመር የሚዞር የ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ኤሌክትሪክ ነው የሚጮኸው። በብርሃን መስመር ኤሌክትሪክ ስለማያልፍ ይህ ችግር በዚያ በኩል አይመጣም። እባካችሁ የማጉያውን የምድር ሽቦ ቆርጣችሁ ዝምታ አትፈልጉ፤ ሽቦው የተሠራው ሰውን ከሞት ለማዳን ነው።

በካርቶን ላይ ስለሚጻፉት ቁጥሮችም ሳልናገር ባልፍ ቅር ትሰኛላችሁ። «32 ቢት፣ 768 ኪሎኸርዝ» (በሰከንድ 768,000 ልኬት ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ሲታይ ልብ ይማርካል። ይሁንና የ16 ቢት ሲዲ በጸጥታና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዲሲቤል ያህል ስፋት ሲይዝ፣ የምንወዳቸው የድሮ ዘፈኖች የተቀዱበት ተራ ካሴት ግን ከ60 ዲሲቤል እምብዛም አያልፍም። በዚህ ላይ የውሻው ጩኸት፣ ከየካ ተራራ ወገን ሌሊት የሚሰማው ጅብ፣ ከላይኛው ፎቅ የሚጎተተው ወንበር አለ። በቴሌግራም እየተላላከ የተጨማደደ ፋይል ላይ ጸናጽሉ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ሆኖ ከመጣ፣ የጠፋውን የሚመልስ ዳክ የለም። እኔ ብሆን ከመካከለኛ ዋጋ በላይ ያለውን ገንዘብ ለስፒከር፣ ለወፍራም መጋረጃና ለምንጣፍ አውለው ነበር፤ ባዶ የብሎኬት ግድግዳና ሴራሚክ የሚያበላሸውን ድምፅ በዳክ ማቃናት አይቻልም። ለመብራቱ መዋዠቅም ስታቢላይዘር አይርሳችሁ።

ይህን ሁሉ ስል በቃሌ ብቻ እንድታምኑኝ አልፈልግም። ከፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በነጠላው ሥር፣ ሁለት ዳኮች አሉ፤ አንዱ ውድ፣ ሌላው ርካሽ ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የጠራ ስለሚመስል፣ ጠዋት የአንድ ተመሳሳይ ድምፅ ቮልቴጅ በመልቲሜትር ስፒከሩ ላይ እየለካሁ ሁለቱን እኩል አድርጌአቸዋለሁ። የምትሰሙት በገና ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታወጣውን ንዝረት ልብ ብላችሁ አድምጡ። የትኛው መቼ እንደሚጫወት የሚያውቀው ከመጋረጃው ኋላ ያለው ልጄ ብቻ ነው፤ እኔም አላውቅም። በየእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ «አንደኛው» ወይም «ሁለተኛው» ብላችሁ ጻፉ፣ ጎረቤታችሁ የጻፈውን አትዩ። ልጄ፣ ጀምር።