የማን ልጅ ናት?

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

እዚህ ኬፕታውን ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ኮሚቴ «መስከረም 14 የደቡብ አፍሪካ የቅርስ ቀን ነው፣ መስቀልም ደርሷል፣ ስለ ቅርስ አሥር ደቂቃ ተናገር» አለኝ። ሦስት ነጥብ ይዣለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጣሁት ለመጀመሪያው ነው።

አብዛኞቻችሁ አማቴን ታውቋቸዋላችሁ። በሠርጋችን ቀን ክትፎውን «ገና አልበሰለም» ብለው ወደ ወጥ ቤት የመለሱት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አማርኛ ስለማይሰሙ ነው እንዲህ የደፈርኩት።

አማቴ አፍሪካነር ናቸው፣ ከድሮ የአውሮፓ ሰፋሪዎች ከሚወለዱት የደቡብ አፍሪካ ነጮች፤ በእናታቸው በኩል ባሶን ከሚባለው ቤት። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በመስታወት የተቀመጠ የዘር ሐረግ አለ። ከላይ የቤቱ መሥራች፣ እነሱ «ስታምፋደር» የሚሉት፣ አርኖልደስ ባሶን ተጽፏል። ልጆቹ «ቢ»፣ የልጅ ልጆቹ «ሲ»፣ ከዚያ «ዲ» እየተባሉ በቁጥር ይወርዳሉ። የድሮ የኬፕ፣ የዚህ የኬፕታውን አካባቢ፣ ቤተሰቦች የሚቆጠሩት እንዲህ ነው። አማቴ የራሳቸውን ፊደልና ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥራቸው በቃላቸው ይሉታል። እኛ ሰባት ቤት ለመቁጠር ጣታችንን እናጥፋለን፤ አራተኛው ላይ እናታችን ጋ እንደውላለን። ቀናሁ።

ከዚያ ዓይኔ ከአርኖልደስ ጎን ያለው ስም ላይ ዐረፈ። «አንጄላ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ያገሬ ሰው ነኝና አፌ ቀደመኝ። «የማን ልጅ ናት?» አልኳቸው።

አማቴ ቡናቸውን አማሰሉ። ስኳር አይጠቀሙም። «የድሮ ነው፤ ጠፍቶ ነው» አሉኝ።

አልጠፋም። እዚሁ ኬፕታውን ሮላንድ ጎዳና ያለው ቤተ መዛግብት ሄድኩ። እስክሪብቶ ይዞ መግባት የለም፤ በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው። ሴትዮዋ «አንጄላ ቫን ቤንጋል» ትባላለች፣ የቤንጋሏ አንጄላ። ባሪያ ነበረች። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1652 ለሆላንድ የንግድ ኩባንያ እዚህ ሰፈር የቆረቆረው ያን ቫን ሪቤክ ቤት ታገለግል ነበር። በ1662 ሲሄድ ለሌላ ሹም ሸጣት። በ1666 ከሦስት ልጆቿ ጋር ነፃ ወጣች፤ በ1669 አርኖልደስን አገባች። እሱም ቢሆን ሆላንዳዊ አይደለም፤ ቬዝል ከምትባል የጀርመን ከተማ የመጣ ነው።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። ለእኛ ሰው ማለት ስሙና የአባቱ ስም ነው። ጸሐፊዎቹ አባቷን በሚጽፉበት ቦታ አገር ጻፉ። ቤንጋል ማንን ወልዶ ያውቃል? እንዲህ የሚጻፈው ከረጢት ላይ ነው። «ቡና፣ ይርጋጨፌ» ተብሎ።

የአማቴ ዝምታ የገባኝ ኋላ ነው። በ1949 ነጭ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ሕግ ወጣ። በ1950 ሰው ሁሉ በዘር እንዲመዘገብ ታወጀ። የተጠራጠሩትን ሰው ጸጉር ውስጥ እርሳስ ይሰኩ ነበር፤ ከወደቀ ነጭ ነህ፣ ከተያዘ አይደለህም። እርሳስ! ነጭ ያልሆነች አንዲት አያት እንዳለችህ ከተሰማ የምትኖርበት ሰፈር፣ የልጅህ ትምህርት ቤት፣ ትዳርህ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አያትን መደበቅ። ከእነሱው አንድ የታሪክ ሰው በ1971 ያሳተመው ስሌት ከአፍሪካነሩ ደም 7 በመቶ ያህሉ ከአውሮፓ ውጪ የመጣ ነው ይላል። ያን ሕግ ፓርላማ ተቀምጠው ያጸደቁት ሰዎች የገዛ ሳሎናቸውን ግድግዳ ቢያዩት ኖሮ!

እዚህ ጋ እንደምታጨበጭቡ አውቃለሁ። ቆዩ።

እኛስ? እኔ ላገባ ስል ከእኛው ሰዎች «ዘሯ ይጣራ» ያለ ነበር። ይጣራ! እንደ ጠላ! ለመሆኑ የማናችን ነው የተጣራው? ኬፕ ባርነትን በ1834 ሻረች። አገራችን በማያዳግም ሕግ የከለከለችው በፈረንጆቹ 1942 ነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ። ታዲያ በየቤታችን አንጄላ የለችም? ቅድመ አያቴ ቤት «ያሳደግናት» የምትባል ሴት ነበረች። ልጆችም ወልዳለች። ከማን? እናቴን በስልክ ስጠይቃት «ኔትወርክ የለም፣ አይሰማም» ብላ ዘጋችው። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሁለቱም እናቶቼ አንድ ናቸው። አንዷ ቡና ያማስላሉ፣ አንዷ ስልክ ትዘጋለች። እነሱ ላይ አልፈርድም። እኛ ግን ማንም እርሳስ ሳይሰካብን ነው የምንደብቀው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ የልጆቻችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ነው። አስተማሪ ቸግሮናል፤ የምትችሉ እጃችሁን አውጡ። ሦስተኛው መዋጮ ነው፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን ይነግሯችኋል፣ እኔ ስናገረው አትሰሙም።

አማቴ ባለፈው ወር መስታወቱን አውርደው ሰጡኝ። «እንደ አዲስ አጽፈው። ስሟን ሙሉ አድርገው» አሉኝ። በር ላይ ጠሩኝና «ፊደሉ ግን ከአርኖልደስ እንዳይበልጥ» አሉ። እኩል አስጽፌዋለሁ።

የማኅበራችን የአባልነት ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። እናት የለችበትም። እኔ የእናት ስምና የእናት እናት ስም የሚሉ መስመሮች ጨምሬ አሳትሜዋለሁ። ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። በእርሳስ የተሞላ አልቀበልም፤ እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ።