የዝዋዩ ቀይ ወይን የሚበላሸው እኛ እጅ ላይ ነው

እንደምን አመሻችሁ!

መጀመሪያ ይሄን ዓመታዊ ስብሰባ ለማዘጋጀት ሲሯሯጡ የከረሙትን ልጆች አመሰግናለሁ፣ አዳራሽ መፈለግ፣ ስፖንሰር መለመን፣ ሰው ደውሎ መጥራት ምን ያህል እንደሚያደክም ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ የተቀመጥነው ብዙዎቻችን ትሪ ተሸክመን አብረን ያደግን ነን፣ አስተናጋጅ ሆነን ጀምረን ባር የገባን፣ ከባር ወጥተን ሱፐርቫይዘር የሆንን፣ አንዳንዶቻችሁም እግዜር ረድቷችሁ የራሳችሁን ቤት የከፈታችሁ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ቤተሰብ ነው፣ ቆጣ ካልኩም እንደ ቤተሰብ ተቀበሉኝ።

የተሰጠኝ ርእስ የሀገር ውስጥ ወይንና የሆቴል አገልግሎት የሚል ነው። ሰፊ ነው። ስለ ጉደርና ስለ አክሱማይት ማውራት ይቻላል፣ ስለ ነጩም ስለ ሮዜውም እንደዛው፣ ግን የመጣሁት ስለ አንድ ነገር ልናገር ነው፣ ስለ ዝዋዩ ቀይ፣ በተለይ ካበርኔ በሚባለው የወይን ዝርያ ላይ ሜርሎና ሲራ የሚባሉ ሌሎች ዝርያዎች ተጨምረው ስለሚሠራው። ይሄ ወይን በሆቴሎቻችን እየተበደለ ነው፣ የሚበድሉት ደግሞ ሌሎች አይደሉም፣ እኛ ነን።

ዝዋይን፣ ማለቴ ባቱን፣ የማያውቅ የለም። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሞጆን አልፎ በመቂ አድርጎ ወደ ሀዋሳ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ዓሳ የሚበላባት ከተማ ናት። ዓሳውን በልተን እናልፋለን እንጂ እዛ ምን እየተሠራ እንደሆነ ገብተን ያየን ስንቶቻችን ነን? የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል የወይን እርሻውን ሲጀምር ችግኙን በወይን ከታወቀችው የፈረንሳይ ክፍል ከቦርዶ ነው ያመጣው፣ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ለነጩ ሻርዶኔ፣ የመጀመሪያው ጠርሙስም ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በእርሻው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሯል። የቦርዶ ገበሬ የሚፈራው ውርጭና በረዶ ነው፣ የኛ ሰዎች ደግሞ ሌሊት ከሐይቁ ከሚወጣ ጉማሬ ጋር ነው ትግላቸው።

ይሄን የምነግራችሁ ወሬ ለማሳመር አይደለም፣ ልፋቱን እንድታውቁት ነው። ቦርዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 45 ዲግሪ አካባቢ ናት፣ ዝዋይ 8 ዲግሪ ላይ። እዛ ብርዱ ሲመጣ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ሙቀት ሲመለስ ይነቃል፣ ገበሬው ተፈጥሮን ነው የሚከተለው። እኛ ጋ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ የለም። መቼ ያቆጥቁጥ መቼ ያብብ የሚለውን የሚወስነው መቀስ የያዘው ሠራተኛ ነው፣ ተክሉ ከተገረዘበት ቀን ጀምሮ ነው ሁሉም ነገር የሚቆጠረው፣ ያ ቀን ከተሳሳተ ፍሬው ሊበስል ሲል ዝናብ ይደርስበትና ይበሰብሳል። የሚያግዘን ከፍታው ነው። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ግን ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ፍሬው ስኳር እያጠራቀመ አሲዱን ቶሎ አይጨርስም። ቆላ በሆነ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያለ ቀይ ማሰብም አይቻልም ነበር።

ወደ ቅልቅሉ ልምጣ። ደንበኛ ሲጠይቃችሁ "ያው ቅልቅል ነው" ብላችሁ አንገታችሁን ስትደፉ አይቻለሁ፣ እንደ ጉድለት። ለምን? ካበርኔ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ቆዳው ወፍራም፣ ታኒኑ፣ ማለትም አፍን የሚያደርቀው ነገር፣ ብዙ ነው፣ ለዛ ነው ብቻውን ወይኑ ገና ሳይቆይ ሲጠጣ ድድን ጭምድድ አድርጎ የሚይዘው። አጥንት ይሰጣል በሉት። ሜርሎ ቀድሞ ይበስላል፣ ለስለስ ይላል፣ አፍ ውስጥ ሙሉ ያደርገዋል። ሲራ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ጠረን ያመጣል። በአሠራር ደንቡ እያንዳንዱ ለብቻው ይጠመቃል፣ ከዛ ባለሙያው በመለኪያ እየቀዳ፣ ከዚህ ስድሳ እጅ ከዛ ሠላሳ፣ ትንሽ ከሦስተኛው፣ እየቀመሰ እየተፋ፣ እየጻፈ፣ እንደገና እየለወጠ እስኪስማማው ድረስ ይሠራል። ይሄ ከባድ ሙያ ነው። ቦርዶም እኮ ስሟን ያገኘችው በዚሁ ነው፣ ሜዶክ በሚባለው በወንዙ ግራ በኩል ካበርኔ ይበዛል፣ በቀኝ በኩል ፖምሮልና ሴንት ኤሚሊዮን ሜርሎ ይበዛል፣ ታላላቆቹ ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀላቅለው ነው የሚሠሩት። ሲራ መጨመሩም የኛ ፈጠራ አይደለም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቦርዶ ነጋዴዎች ወይናቸው ሲሳሳባቸው ኤርሚታዥ ከሚባለው ሌላ የፈረንሳይ የወይን አካባቢ ሲራ እያስመጡ ያጠነክሩት ነበር፣ ዛሬ ሕጋቸው ከለከለው እንጂ። አውስትራሊያኖች ደግሞ ካበርኔና ሺራዝ፣ ሲራን ነው እንዲህ የሚሉት፣ ቀላቅለው እንደ ባህላቸው ነው የሚኮሩበት። ካበርኔ ሶቪኞ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ በሆነ የዲኤንኤ ጥናት የካበርኔ ፍራንና የነጩ ሶቪኞ ብላን ልጅ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ከቀይና ከነጭ የተወለደ ማለት ነው። እና በምን እናፍራለን?

አሁን የመጣሁበትን ነገር ልናገር።

አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከሰዎች ጋር እራት ላይ ነበርኩ። ከጎናችን ያሉት እንግዶች ከውጭ የመጡ ናቸው፣ አንደኛው ሜኑውን አገላብጦ አገላብጦ መጨረሻው ገጽ ላይ የኢትዮጵያን ቀይ አገኘና እሱን አዘዘ። አስተናጋጁ ልጅ ደግሞ ምን አለው መሰላችሁ፣ "ሰር፣ የደቡብ አፍሪካ አለን፣ እሱ ይሻላል" አለው። ሰውየው ግን አይ፣ የሀገሩን ነው የምፈልገው አለ። እሺ፣ ጠርሙሱ መጣ። ከየት መጣ? ቡና ማሽኑ ላይ ካለው መደርደሪያ። ቀን ሙሉ እንፋሎት የሚሞቀው፣ አምፖል ከላይ የሚያበራበት፣ ለጌጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠርሙስ። እኔ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል፣ ከአንገቱ ላይ ያለው ሽፋን ሲቀደድ ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ወጣ ብሎ አብጧል፣ በጎኑ ወይኑ ፈሶ ደርቆ የሚያጣብቅ መስመር ሠርቷል። ይሄ ማለት እዚህ ላለን ሰዎች ግልጽ ነው፣ ወይኑ በሙቀት ተቀቅሏል። ልጁ ምንም ሳይል ቀዳ። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ከእጥቡ የወጣ ብርጭቆ ስለሆነ እሱም ሞቋል። እንግዳው አንድ ጊዜ ቀመሰ፣ ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አደረገና ለጓደኛው የኢትዮጵያ ወይን እንዲህ ነው ማለት ነው አለው።

እኔ መታገስ አልቻልኩም። ተነሳሁ፣ ሱፐርቫይዘሩ የማውቀው ሰው ስለሆነ ጠራሁትና ስቶር ውስጥ ሌላ የለም ወይ አልኩት፣ አለ አለኝ፣ አብረን ወረድን፣ ከታች ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት ያው ወይን፣ ያው ዓመት፣ ጠርሙሶቹ ተጋድመው ተቀምጠዋል። አንዱን ይዘን ወጣን፣ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ አድርገን አሥር ደቂቃ ብቻ አቆየነው፣ ንጹሕ ቀዝቃዛ ብርጭቆ፣ ለእንግዳው ይቅርታ ጠይቀን ቀዳንለት። ሰውየው ቀመሰ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ቀመሰ፣ ከዛ ጠርሙሱን አዙሮ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ። ከየት ነው የሚመጣው፣ ሐይቁ ስንት ይርቃል፣ እርሻውን መጎብኘት ይቻላል ወይ ብሎ ልጁን በጥያቄ አጣደፈው። ጠርሙሱን ጨርሰው ሁለተኛ አዘዙ። ወይኑ አንድ ነው! አምራቹ አንድ፣ ዓመቱ አንድ! ልዩነቱ ያ መደርደሪያ ነው።

እና እኔ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ገርዞ፣ ጉማሬ ጠብቆ፣ ለቅሞ፣ ጠምቆ፣ አስረጅቶ፣ በጠርሙስ አሽጎ ይልክልናል፣ መኪናው ሞጆን አልፎ ጥቂት ሰዓት ነዳ አድርጎ በራችን ላይ ያወርደዋል፣ እኛ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ እናበላሸውና "የሀገር ውስጡ አይረባም" እንላለን። አይደለም! አይደለም ወገኖቼ! ያልረባነው እኛ ነን። ከውጭ የመጣውን ግን ተመልከቱ፣ እሱን መስታወት ያለው የወይን ፍሪጅ ገዝተን፣ ዲግሪውን አስተካክለን፣ ቆልፈን ነው የምናስቀምጠው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያሉት አባቶቻችን እኛን አይተው ነው የሚመስለው። እስቲ ቦታ እንቀያይራቸው፣ የደቡብ አፍሪካውን ቡና ማሽኑ ላይ እናቁመውና የዝዋዩን ፍሪጅ ውስጥ እናስገባው፣ ከዛ የትኛው እንደሚሻል እንነጋገራለን!

ስንማር "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል" ተብለናል፣ ልክ ነው፣ ግን ያ ክፍል ማሞቂያ ያልነበረው የድሮ የአውሮፓ ቤት ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ። ወጥ ቤት አጠገብ ያለ ባር 28 ዲግሪ ሲሆን የክፍል ሙቀት ነው ብሎ ማቅረብ ሙያ አይደለም። እንዲህ ያለ ታኒንና አልኮል ያለው ቀይ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፣ ፍሬው ይጠፋል፣ ደንበኛው የሚሸተው ስፒሪት ብቻ ነው።

ይሄ በስም የመፍረድ በሽታ ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1976 ፓሪስ ላይ ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ የቦርዶን ትልልቅ ቀዮች ከካሊፎርኒያ ካበርኔዎች ጋር ስማቸውን ሸፍኖ ለፈረንሳይ ዳኞች አቀረበ። ዳኞቹ ተራ ሰዎች አይደሉም፣ ወይን ሕይወታቸው የሆነ ባለሙያዎች ናቸው። ማን አሸነፈ? ከካሊፎርኒያዋ ናፓ የመጣው የስታግስ ሊፕ የ1973 ካበርኔ፣ የቦርዶን ታላላቅ ቤቶች ሙቶን ሮትሽልድንና ኦ ብሪዮንን አስከትሎ። የአሸናፊው ወይን ተክል የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፣ ገና ልጅ ተክል! ስሙን ቢያዩት ኖሮ ያንን ነጥብ ይሰጡት ነበር? እኔ የዝዋዩ ሙቶንን ይበልጣል አላልኩም፣ እንዳትጠመዝዙብኝ። ያልኩት ስሙ ሳይታይ፣ በትክክለኛው ሙቀት፣ በንጹሕ ብርጭቆ ይቀመስ ነው። ያን እድል ሰጥተነው አናውቅም።

ቤት ላላችሁና ለምታዙ ሰዎች ሁለት ሦስት ነገር ልበል። ጠርሙሱን አጋድሙት፣ ከብርሃንና ከሙቀት አርቁት፣ ፍሪጅ መግዛት ካልቻላችሁ ከታች ያለው ስቶር ይበቃል። ተከፍቶ የቆየውን በብርጭቆ አትሽጡ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ የቆየ ቀይ ለወጥ ቤት ይሂድ። ሜኑ ላይም ከመጨረሻው ገጽ አውጡት።

አስተናጋጆቻችሁንም አቅምሷቸው። ያልቀመሰውን ወይን ልጁ እንዴት አድርጎ ይሽጥላችሁ? አንድ ጠርሙስ ለሥልጠና ሲከፈት እንደ ኪሳራ የሚቆጥሩ አሠሪዎች አሉ፣ እዚህም ተቀምጠው ይሆናል፣ ቅር ካላችሁ ይበላችሁ!

ከኮካ ጋር ስለ መቀላቀል እንድናገር የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ፣ ሰው በገዛ ገንዘቡ እንደወደደ ይጠጣ፣ ልጁ ግን መጀመሪያ ብቻውን እንዲቀምሱት ይጋብዝ፣ በቃ።

ከበስተኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ በወረቀት የተጠቀለሉ ጠርሙሶች አሉ፣ የውጭም የዝዋይም፣ ሁሉም ከጠዋት ጀምሮ በ16 ዲግሪ የቆዩ ናቸው። ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ ውሰዱ፣ ነጥባችሁን ጻፉ፣ ስማችሁንም ጻፉበት፣ የጠርሙሶቹን መጠቅለያ የምንቀደው ሁላችሁም ከሰጣችሁ በኋላ ነው። በሉ ተነሱ፣ ከቀኝ በኩል ያላችሁት ጀምሩ።