ግድግዳ ላይ የሚወጣው እና በእጅ የሚሰጠው

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

እንኳን ለክረምቱ ሥልጠና በደህና መጣችሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ስላይድን ለማስተማር በአግባቡ ስለመጠቀም ነው። ስለ ሶፍትዌሩ አሠራር የምለው ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ፋይል ውስጥ ሦስት ሥራ አጭቀን ሦስቱንም እያበላሸን መሆናችን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መምህሩ የሚናገረውን እንዳይረሳ የሚይዘው ማስታወሻ ነው። ሁለተኛው ተማሪው ቤቱ ወስዶ የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያየው ነገር ነው፤ ካርታ፣ ሥዕል፣ ግራፍ፣ አንዳንዴም አንዲት ጥያቄ ብቻ። እነዚህን ለያይተን ማዘጋጀት ሲገባን ከመጽሐፉ አንቀጽ እየቀዳን እንለጥፋለን፤ ከዚያም ጀርባችንን ለተማሪው ሰጥተን እናነባለን። እንዲህ ያለው ስላይድ ለማስታወሻነት ይረዝማል፣ ለጥናት አይበቃም፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ ጨርሶ አይነበብም።

ብዙዎቻችን ስላይድ የምናዘጋጅበት ሶፍትዌር፣ ፓወርፖይንት፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበር። በስብሰባ ላይ ተናጋሪው ነጥብ በነጥብ ደርድሮ አድማጩን ያሳምናል፣ ውሳኔ ይዞ ይወጣል። ተማሪ ግን ሐሳቡን በራሱ አእምሮ መገንባት አለበት። ለዚያ ጊዜ ያስፈልገዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ማየር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዷቸው ሙከራዎች ለእኛ ሥራ ትልቅ ፋይዳ አላቸው። ሥዕል እያዩ ማብራሪያውን በጆሯቸው ብቻ የሰሙ ተማሪዎች፣ ያው ማብራሪያ ቃል በቃል በጽሑፍ ጭምር ከቀረበላቸው ይልቅ የተሻለ ተረድተዋል። ዓይን ጽሑፉን ሲከተል ሥዕሉን ይተወዋል፤ የሚያነበውና የሚሰማው እኩል ስለማይሄዱ ተማሪው ሁለቱን ለማገናኘት ሲደክም ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ይህን ግን ወደ እኛ ክፍል እንዳለ ማምጣት አይቻልም። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። በሁለተኛ ቋንቋው የሚማር ልጅ አዲሱን ቃል ተጽፎ ካላየው በጆሮው ብቻ አይይዘውም፤ ማየርም ይህን ለይተው አስቀምጠውታል። ስለዚህ አዲሱ ቃል በትልቁ ይጻፍ፤ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ሳይሆን አጠገቡ ይቀመጥ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋም ፍቺው ከሥሩ ይግባ። አንቀጹ ግን ይቅር።

እኔ ጂኦግራፊ ስለማስተምር ምሳሌዬም ከዚያው ነው። የስምጥ ሸለቆ ትምህርት እንውሰድ። በተለመደው መንገድ የመጀመሪያው ስላይድ ትርጓሜ ነው፤ ሁለተኛው መንስኤዎች፣ ሦስተኛው የሐይቆች ዝርዝር። ተማሪው ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ ብሎ ይገለብጣል፤ ለምን በአንድ መስመር እንደተሰለፉ ግን አይጠይቅም።

አሁን በሌላ መንገድ እንጀምረው። ስላይዱ ላይ ምንም ጽሑፍ የሌለበት አንድ ፎቶ ብቻ ይውጣ፤ አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ በመስከረም 1998 ዓ.ም. የተሰነጠቀው ምድር። «ይህ እንዲሆን ስንት ዘመን የፈጀ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አንዱ ሺህ ዓመት ይላል፣ ሌላው ሚሊዮን። ከተከራከሩ በኋላ መልሱን ንገሯቸው፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተላቀቀ፣ በሰፋበት ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ። ከዚህ በኋላ ካርታው ይምጣ። መጀመሪያ ባዶውን፤ ቀጥሎ የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የአረቢያ የምድር ቅርፊቶች የሚገናኙበትን ቦታ፤ በመጨረሻ ሐይቆቹን። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ካወጣችሁት የሚታይ ነገር አይኖርም። ተራ በተራ ሲመጣ ግን ሐይቆቹ ለምን እንደተሰለፉ ሳትነግሩት ራሱ የሚደርስበት ተማሪ አይጠፋም። ያቺ ቅጽበት ለእኔ የመምህርነት ትልቁ ደስታ ናት።

በአማርኛ ስላይድ የምታዘጋጁ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ጥቃቅን ምልክት ይበዛበታል። «ሲ» ከ«ሴ» የሚለየው እግሩ ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ያቺን ካላየ ይገምታል እንጂ አያነብም። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የበቃው የፊደል መጠን ለአማርኛ ላይበቃ ይችላል፤ እኔ ከ28 በታች አልወርድም። በጣም የደመቀ አጻጻፍም ቀለበቶቹን ስለሚደፍናቸው ከርዕስ ውጭ አልጠቀምበትም። በድሮ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ደግሞ ያ ሶፍትዌር የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያውቁት የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት፣ ጻፉ፤ በፒዲኤፍም አንድ ቅጂ ያዙ፤ ተማሪ ሳይገባ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ እዩት።

ከእናንተ መካከል የፕላዝማ ትምህርት፣ ማለትም በክፍሉ ቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ የተማራችሁ ወይም ከጎኑ ቆማችሁ ያስተማራችሁ አላችሁ። የፕላዝማው መምህር ተማሪው ገባው አልገባው አይቶ ሊያቆም አይችልም ነበር። ስላይድ ግን በእጃችን ነው፤ ልናቆመው እንችላለን። ሆኖም ብዙዎቻችን ስላይዱን ለመጨረስ ስንል ራሳችን ፕላዝማ ሆነናል። ተማሪ ጥያቄ ሲያነሳ በኪቦርዱ ላይ «ቢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኑ፤ ፓወርፖይንት ላይ ግድግዳው ይጨልማል፣ ዓይን ሁሉ ወደ እናንተ ይመለሳል። ከዚያ ጠመኔ አንሱ። ቀመር ማውጣት፣ ሥዕል ደረጃ በደረጃ መሥራት፣ ስሌት ማስላት የሰሌዳ ሥራ ነው፤ እጃችሁ ስትዘገይ ተማሪው ያስባል። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ የሚቀጥለው በሰሌዳው ነው፤ ለዚህ ዝግጁ ያልሆነ መምህር በእኛ ሁኔታ ተዘጋጅቷል አልልም።

«ስላይዱ እንዲህ ከሳሳ ተማሪው ምን ያጠናል?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በተለይ መጽሐፍ በማይዳረስበት ክፍል። መልሴ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ለብቻው ጻፉ የሚል ነው፤ በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከምሳሌና ከመልመጃ ጋር። በቴሌግራም የሚላከውም፣ ኮፒ ቤት የሚባዛውም እሱ ይሁን። ለአንድ ሴሚስተር ሥራ ይጨምርባችኋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ማሻሻል ብቻ ይቀራችኋል። ፈተናውም አብሮ መለወጥ አለበት። ከስላይዱ ቃል በቃል እየጠየቅን ተማሪው ስላይዱን ብቻ ሸመደደ ብለን ልንወቅሰው አንችልም፤ የሸመደደው እኛ ያስተማርነውን መንገድ ነው።

ከምሳ በኋላ በየትምህርት ክፍላችሁ ስትቀመጡ፣ መስከረም ላይ መጀመሪያ ከምታስተምሩት ምዕራፍ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አውጥታችሁ ለሦስት ክፈሉት፤ ለእናንተ የሚሆን ማስታወሻ፣ ለተማሪው የሚሰጥ ጽሑፍ፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ምስል። እኔም በየቡድኑ እየዞርኩ አብሬያችሁ እሠራለሁ። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።