ከአምስት ኪሎ እስከ አርባ ኪሎ
(አራት ኪሎ አካባቢ ለመዋዕለ ሕፃናት ወላጆች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአስቤዛና ከለቅሶ ተርፋችሁ ስለ ቡችላ ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ነው። ቡችላ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጆቹን እየነከሰ አስቸገረን፣ ምን ይሻላል?» ቡችላው አብዛኛውን ጊዜ ጀርመን ሸፐርድ ወይም የሱ ቅልቅል ነው። ጆሮው ገና አልቆመም። ልጆቹ ደግሞ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ናቸው።

መልሴ ሁሌም ከክብደት ይጀምራል። ዛሬ የምታቅፉት ቡችላ አምስት ስድስት ኪሎ ነው፤ ሰፈሮቹን ማለቴ አይደለም። ወንዱ ጀርመን ሸፐርድ ሲያድግ ግን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ዓመት ሳይሞላው የአምስት ዓመት ልጃችሁን በክብደት ይበልጣል። ስለዚህ አሁን «ሲያምር!» እያላችሁ የምትስቁበትን ጨዋታ ሁሉ በአርባ ኪሎ አስቡት። ቀሚስ መጎተት፣ ደረት ላይ መንጠልጠል፣ ተረከዝ እየነከሱ ማባረር። በአርባ ኪሎ የማትፈቅዱትን ዛሬም አትፍቀዱ። ውሻ «አሁን አድገሃል፣ ተው» ቢሉት አይገባውም።

ቡችላ የሚናከሰው ከክፋት አይደለም። 28 የወተት ጥርስ አለው። ከአራት ወር ገደማ ጀምሮ ይረግፉና በ42 ቋሚ ጥርስ ይተካሉ፤ በዚህ ጊዜ ድዱ ያሳክከዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ሌላም ምክንያት አለ። ቡችላ ጥርሱን መግታት የሚማረው ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት ነው። ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ወንድሙ ይጮህና ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ለዚህ ትምህርት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። እኛ ጋ መንገድ ዳር የሚሸጠው ቡችላ ግን አንዳንዴ ወር እንኳ በቅጡ አልሞላውም። የቀረውን የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። ልጆቹ አይደሉም፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።

አሁን አንድ ነገር በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱልኝ። ልጅቷ ዳቦ ይዛ ወደ ግቢ ትወጣለች። ቡችላው ወደ እሷ ይሮጣል። ደንግጣ ትጮሃለች፣ ዳቦውን ወደ ላይ ታነሳለች፣ ትሮጣለች። ዳቦው ከፍ ሲል ይዘላል። ስትሮጥ ያሳድዳል። ስትጮህ ይብስበታል። ቀሚሷን ይዞ ይጥላታል፤ ስትወድቅ ፊቷ ከአፉ ጋር እኩል ይሆናል። ሞግዚቷ መጥረጊያ ይዛ ትደርስና ቡችላውን ታቀምሰዋለች። ልጅቷ ውሻ ጠላት መሆኑን ተማረች። ቡችላው ደግሞ ልጅ ስትመጣ ዱላ አብሮ እንደሚመጣ ተማረ።

እዚህ ላይ የሚጠቅመው ዛፍ መሆን ነው። ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅን ፊት ለፊት ማቆላለፍ፣ ጫማን መመልከት፣ ዝም ማለት። ዳቦውን መጣል ይቻላል፤ ዳቦ ይተካል። የማይሮጥና የማይጮህ ነገር ለቡችላ አይጥመውም፣ ትቶት ይሄዳል። ልጁ ከወደቀ ደግሞ ተጠቅልሎ ፊቱንና አንገቱን በእጁ ይሸፍን። ይህን መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ፣ ያለ ቡችላ አለማምዷቸው።

ጨዋታ አትከልክሉ። ሁለት ኳስ ያዙ። አንዱን ወርውሩለት፤ ይዞ ሲመጣ ሁለተኛውን አሳዩት፣ የመጀመሪያውን ራሱ ይለቃል። ከአፉ መቀማት የለም። ድብብቆሽም ጥሩ ነው፤ ትልቅ ሰው ቡችላውን ይይዛል፣ ልጁ ተደብቆ ስሙን ይጠራል። አባሮሽና ትግል ግን ይቅሩ። መጋለብማ ጭራሽ! የትልልቅ ዝርያዎች አጥንት አድጎ የሚጨርሰው ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ነው።

ልጆቻችን ማቀፍና መሳም ይወዳሉ፤ ያስተማርናቸው እኛው ነን። ውሻ ግን አንገቱን ሲታቀፍ አብዛኛውን ጊዜ ይጨንቀዋል። ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ድርቅ ካለ ጨዋታው አልቋል፣ ልጁን ዞር አድርጉ። ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረሙን ያስተዋችሁት ውሻ ነገ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። የተኛ፣ የሚበላና የታሰረ ውሻ ደግሞ በልጅ አይነካም።

የዘበኛውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ብዙዎቻችን ውሻ የምናሳድገው ለግቢ ጥበቃ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል፣ «ኃይለኛ እንዲሆን» እየተባለ ይተነኮሳል። ከዚያ እሑድ ከልጆቹ ጋር ተጫወት ይባላል! በእኔ እምነት ይህ ውሻውንም ልጁንም መበደል ነው። ውሻ ለመጠበቅ መተንኮስ አያሻውም፤ በበላበት ይጮሃል። የእናንተ፣ የዘበኛውና የሞግዚቷ ሕግ አንድ ይሁን። አንዱ የከለከለውን ሌላው ከፈቀደ ቡችላው የሚይዘው የተፈቀደውን ነው። ሕጉ ሁሉ ቢከበርም ቡችላና ሕፃን ብቻቸውን አይተዉ።

ስለ ጤና ባጭሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግራችሁ ቀጠሮ ይሰጠው። የትል መድኃኒቱን አትርሱ። በዓል ሲሆን የበጉን ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትወርውሩ፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ የሚያመጣው ትል ወደ ውሻው የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ከውሻው ዓይነ ምድር ደግሞ ወደ ልጅ እጅ ይሻገራል። ከጨዋታ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ጥርሱ ቆዳ ከቧጠጠ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ውሎ ሳያድር ወደ ጤና ተቋም። ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ ክትባቱ ግን ይቅደም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሞቱ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። ልጅ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ንክሻ ይደብቃል። «ቢነክስህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» በሉት፤ ስትሉም ከልባችሁ ይሁን።

እኔ ጨርሻለሁ። አሁን ልጆቹ ከጎን ካለው ክፍል ይመጡና ዛፍ መሆንን አብረን እንሞክራለን። ቡችላ የሚሆን አንድ አባት እፈልጋለሁ፤ ጉልበቱን የማያመው።