አልፈርምም ያለው ማርሻል

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላወራችሁ ነው፤ ኮንስታንቲን ሮኮሶቭስኪ። የሶቪየት የጦር አዛዦች ሲነሱ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ዡኮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ግን ዡኮቭ በሮኮሶቭስኪ ሥር የብርጌድ አዛዥ ነበር።

አባቱ ፖላንዳዊ ነው። ይሄ የዘር ነገር በ1937 መዘዝ አመጣበት። «የፖላንድና የጃፓን ሰላይ ነህ» ብለው አሰሩት። ሌኒንግራድ እስር ቤት ውስጥ ጥርሶቹን አረገፉ፣ የጎን አጥንቱን ሰበሩ። አላመነላቸውም፤ የእምነት ቃሉ ላይ አልፈረመም። በ1940 መጋቢት ላይ ለቀቁትና ማዕረጉን መለሱለት።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ይህን ሁሉ ያየ ሰው አንገቱን ደፍቶ «እሺ» እያለ ቢኖር ማን ይፈርድበታል?

ግንቦት 1944፣ ሞስኮ። ቤላሩስን ከጀርመኖች የማስለቀቁ ዘመቻ ሊወሰን ነው። ሮኮሶቭስኪ በቦብሩይስክ ከተማ በኩል በሁለት አቅጣጫ እኩል ላጥቃ አለ። መሬቱ ረግረግ ነው፤ በአንድ መስመር ብዙ ጦር አያሳልፍም። ስታሊን አልተስማማም። «ወጥተህ አስብበት» ብሎ ሌላ ክፍል ላከው። ተመልሶ ያንኑ አለ። ደግሞ ላከው። አሁንም ያንኑ! ራሱ እንደተረከው፣ በመጨረሻ ስታሊን ተቀበለው።

ወታደሮቹ ረግረጉ እንዳይውጣቸው ከቀጫጭን እንጨት የተጠለፈ ሰፊ መርገጫ ጫማቸው ሥር አሰሩ። ለታንኮቹ ግንድ በግንድ ላይ እየደረደሩ መንገድ ሠሩ። ጀርመኖች ከዚያ ጭቃ ውስጥ ታንክ ይወጣል ብለው አልጠበቁም። ጁን 24 ጥቃቱ ተጀመረ፤ ጁን 29 ቦብሩይስክ ተያዘች። በዚያው ቀን ማርሻል ሆነ።

ሁለት ጊዜ የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተባለ። በ1945 ቀይ አደባባይ ላይ የድል ሰልፉን የመራውም እሱ ነው።

ሁሉንም ግን ላደንቅለት አልችልም። በ1949 ስታሊን የፖላንድ መከላከያ ሚኒስትር አድርጎ ላከው። በ1956 ፖዝናን ከተማ ውስጥ ዳቦና ነፃነት ብለው በወጡ ሠራተኞች ላይ ጦር ሲዘምት ሚኒስትሩ እሱ ነበር። ከ50 ሰው በላይ ሞተ። ያለጥፋቱ የተደበደበ ሰው ይህን እንዴት ፈቀደ? ብዙ አሰብኩበት፤ አልዋጥልህ አለኝ።

የጦር ትዝታውን ጽፏል። የሚጀምረው በ1940 ከቤተሰቡ ጋር ሶቺ ከመሄዱ ነው። እስሩን ዘሎታል። ዘመኑ እንደማያስጽፍ ይገባኛል። እኔ ግን ከቦብሩይስክ ይልቅ ስለዚያ የእስር ቤት ክፍል፣ ብዕር አቅርበውለት እምቢ ስላለበት ሰዓት፣ ከራሱ አንደበት ብሰማ እመርጥ ነበር።