ነርቭ ውስጥ የሚሄደው መብራት ነውን? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት በባሕር ዳር በሚተላለፍ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ስለ ነርቭ ሕዋሳት አሠራር እንድናገር ተጋብዤ ነበር። የደወሉት አድማጮች ብዙ በመሆናቸውና ሰዓቱም ስላጠረን፣ በአየር ላይ በችኮላ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ በጽሑፍ ዘርዘር አድርጌ አቅርቤያቸዋለሁ። ሙያዬ የሰውነትን አሠራር ማስተማር ነው።

«መምህር፣ እንደምን አመሹ? የምደውለው ከሽምብጥ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በነርቭ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ቤታችን ከሚገባው መብራት ጋር አንድ ነው? አንድ ከሆነስ ለምን አይነዝረንም?»

ልጄ፣ ይህ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ። ወደ ቤታችሁ በሚገባው ሽቦ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ግን እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ፣ በሰውነት ውኃ ውስጥ ሟሙተው የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዙ አዮኖች ናቸው። እነዚህ አዮኖች ደግሞ ከአንጎል ተነሥተው እግር ጣት ድረስ አይጓዙም፤ እያንዳንዳቸው ባሉበት ስፍራ በሕዋሱ ስስ ሽፋን ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች በኩል ይገባሉ ወይም ይወጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ልድገመው፤ በነርቩ ርዝመት የሚጓዘው የበሮች መከፈት ነው እንጂ ሶዲየሙ ራሱ አይደለም።

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ያሉትን የውኃ በሮች አስብ። ሐይቁ በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ይሞላል፤ በሩ ሲከፈት ውኃው ለመውረድ ሌላ ገፊ አያስፈልገውም፣ የከፍታው ልዩነት ይበቃዋል። በነርቭ ሕዋስም ከሽፋኑ ውጭ ያለው ሶዲየም በውስጥ ካለው ከ10 እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ፖታሲየም በተቃራኒው በውስጥ ወደ 30 እጥፍ ይበልጣል። ይህን ልዩነት ጠብቆ የሚያቆየው በሽፋኑ ላይ የተተከለ ፓምፕ ነው። ፓምፑ በእያንዳንዱ ዙር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ እያወጣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። የዴንማርክ ሰው የሆነው የንስ ስኮው ስለዚህ ፓምፕ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተመ፤ በ1997ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ 20 በመቶ የሚደርሰውን ጉልበት የሚወስደው፣ በአብዛኛው ይህ የመሙላት ሥራ ሌት ተቀን ስለማይቋረጥ ነው።

ሕዋሱ ባረፈበት ጊዜ፣ ፖታሲየም በጥቂቱ ወደ ውጭ ስለሚያፈተልክ፣ ውስጡ ከውጩ ጋር ሲነጻጸር በ70 ሚሊ ቮልት ያህል ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆያል። አንድ ነገር ቀስቅሶት ይህ ልዩነት ወደ 55 ሚሊ ቮልት ዝቅ ሲል የሶዲየም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ይጎርፋል፣ የሕዋሱም ውስጥ ለቅጽበት ፖዘቲቭ ይሆናል። ወዲያው የሶዲየም በሮች ይዘጋሉ፣ የፖታሲየም በሮች ይከፈቱና ሁኔታው ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው አንድ ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። የአንዱ ቦታ ለውጥ የጎረቤቱን በሮች ይከፍታል፣ እነዚያም ቀጣዮቹን ይከፍታሉ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ከችቦ ሲለኮስ የመጨረሻው ችቦ ነበልባል ከመጀመሪያው እንደማያንስ ሁሉ፣ ምልክቱም ከወገብ ተነሥቶ እግር ጣት ሲደርስ አይደክምም፤ እያንዳንዱ ችቦ የራሱን እንጨት ያነዳልና። አሁን የተለኮሰው ቦታም ለጥቂት ጊዜ እንደገና ስለማይለኮስ ምልክቱ ወደ ኋላ አይመለስም።

እንግሊዛውያኑ ሆጅኪንና ሃክስሊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1952 በቁጥር ያስረዱት ስኩዊድ በሚባል የባሕር እንስሳ ነርቭ ላይ ሠርተው ነው። የዚህ እንስሳ ትልቁ የነርቭ ክር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር የኤሌክትሪክ መለኪያ ቀጭን ሽቦ በውስጡ ማስገባት ተችሏል።

ስለ መንዘሩ፦ 70 ሚሊ ቮልት ከቤታችሁ 220 ቮልት ከ3,000 ጊዜ በላይ ያንሳል። የቤቱ መብራት የሚያስፈራውም በነርቭህ፣ በጡንቻህና በልብህ ላይ ያሉትን እነዚሁኑ በሮች ያለ ሥርዓት በግድ ስለሚከፍት ነው።

«ከዘጌ ነው የምደውለው። ቡና ስቆላ ብረት ምጣዱ ጣቴን ከነካኝ፣ ማመሙ ሳይሰማኝ እጄን አነሣለሁ። ከዚያ እንደ መርፌ ጠቅ ያደርገኛል፤ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ማቃጠል ይመጣል። ሕመሙ ለምን ሁለት ይሆናል?»

እናቴ፣ የታዘቡት በትክክል ነው፤ ያዩትን እንዲህ ለይቶ መናገር የሚችል ሰውም ጥቂት ነው። እጅዎን ያነሣው ትእዛዝ አንጎል ድረስ አልሄደም፤ በጀርባ አጥንትዎ ውስጥ ካለው ኅብለ ሰረሰር ተመለሰ። አንጎልዎ ወሬውን የሰማው ዘግይቶ ነው።

ሁለቱን ሕመሞች የሚያመጡት ሁለት ዓይነት የነርቭ ክሮች ናቸው። አንደኛው ዓይነት ማይሊን በሚባል ስብ የበዛበት ልባስ የተጠቀለለ ነው። በልባሱ መካከል እየተራራቁ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ፈረንሳዊው ራንቪዬ ስለገለጻቸው በስሙ ይጠራሉ። በሮቹ የሚገኙት በእነዚህ ክፍተቶች ላይ ስለሆነ ምልክቱ በየስንዝሩ ከመዳህ ይልቅ ከክፍተት ወደ ክፍተት ይዘላል። ጠቅ የሚያደርገውን ሕመም የሚያመጡት ስስ ልባስ ያላቸው ክሮች ሲሆኑ በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛሉ። የሚያቃጥለውን የሚያመጡት ግን ልባስ የሌላቸው ናቸውና በሴኮንድ ከ2 ሜትር አይበልጡም። በጣም የፈጠኑት፣ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱት ወፋፍራም ክሮች፣ እስከ 120 ሜትር ይደርሳሉ። ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ይህን ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪለካ ድረስ፣ መምህሩን ጨምሮ ታላላቅ ሊቃውንት ሊለካ እንደማይችል ያምኑ ነበር።

«ዓሣ አጥማጅ ነኝ። በደንገል ታንኳ ላይ እግሬን አጥፌ ብዙ ስቀመጥ እግሬ ይደነዝዛል፤ ስዘረጋው ደግሞ ጉንዳን የወረረኝ ያህል ይሆናል። ሌላም ልጠይቅ፤ በጣና ውስጥ የሚነዝር ዓሣ አለ ወይ?»

ወንድሜ፣ ነርቭህ በክብደትህ ሲጫን ክሩም ወደ እርሱ የሚሄደው ደምም ይጨነቃሉ፤ ፓምፑ ጉልበት ያጣል፣ ምልክትም አያልፍም። ስትዘረጋው ክሮቹ በአንድ ጊዜ ስለማይነቁ፣ የሚነካህ ነገር ሳይኖር ያለ ሥርዓት ምልክት ይልካሉ፤ ጉንዳኑ ይህ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ከለቀቀህ አትስጋ። ሳትቀመጥበት የሚደነዝዝህ ከሆነ፣ በተለይም በሁለቱም እግሮችህ ላይ ከሆነ ወይም በቆዳህ ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ቦታ ካየህ፣ የስኳር በሽታ ወይም የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ሰውን የሚነዝር ዓሣ በታችኛው ዓባይና በእኛው ባሮ ወንዝ ይኖራል፤ እስከ 350 ቮልት ያመነጫል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሦች ከታችኞቹ ስለለያቸው በሐይቃችን ውስጥ የለም። ይህ ዓሣ የተለየ ኃይል የለውም፤ የእያንዳንዱ ሕዋሱ ቮልቴጅ እንደ እኛው ትንሽ ሲሆን፣ እንደ ባትሪ ድንጋይ በተርታ የተደረደሩ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ተደምሮ ያን ያህል ይሆናል። አንተ የምታጠምደው አምባዛ አይነዝርህም፤ ነገር ግን በደፈረሰ ውኃ ውስጥ የሌሎች ፍጥረታትን ደካማ ኤሌክትሪክ በቆዳው ይሰማል።

«ከፎገራ ነው። ወንድሜ በድርቁ ጊዜ እግሩ ተሳሰረ፤ ሰው ሁሉ የጓያ እንፋሎት ነው ይላል። እውነት ነው? ይድናልስ?»

እኅቴ፣ እንፋሎቱ አይደለም፤ ገለባውን መርገጥም አይደለም። በሽታው የሚመጣው ጓያን ለወራት ዋነኛ ምግብ አድርጎ ከመብላት ነው። ደምቢያና ፎገራ ይህን በሽታ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ጓያ ሌላው ሰብል በድርቅ ሲጠፋ ስለሚተርፍ፣ ያተረፈው ሰው መልሶ ይጎዳበታል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያዝናል ልቤ።

አንድ የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ጋር አይነካካም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ምልክቱ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ሕዋሱ ኬሚካል ይረጫል፣ ኬሚካሉም የተቀባዩን በሮች እንደ ቁልፍ ይከፍታል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ከነዚህ ቁልፎች ዋነኛው ግሉታሜት ይባላል። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ግሉታሜትን ስለሚመስል በዚያው መቆለፊያ ገብቶ በሮቹን ከመጠን በላይ ይከፍታል፤ ሶዲየምና ካልሲየም ይጎርፋሉ፣ የካልሲየሙም ብዛት ሕዋሱን ይገድለዋል። በዋናነት የሚጎዱት ከአንጎል ተነሥተው እግርን የሚያዝዙት ረጃጅም ሕዋሳት ስለሆኑ፣ ወንድምሽ እግሩ ይገተራል እንጂ አእምሮውም የቆዳው ስሜትም ጤነኛ ናቸው።

ጓያን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ቀቅሎም የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። በጥናት ከጉዳት ጋር ተያይዘው የተገኙት በተለይ ቆሎው፣ ንፍሮውና ጥሬ እሸቱ ናቸው። ከእህል ጋር ቀላቅሎ፣ መጠኑንም አሳንሶ መብላት ይሻላል። የሞቱት ሕዋሳት አይመለሱም፤ ነገር ግን መብላቱን ካቆመ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። የጀርባ አጥንት ቲቢም እግርን እንዲሁ ሊያስር ይችላል፤ እርሱ ደግሞ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ስለዚህ «ጓያ ነው» ተብሎ ቤት ከመቅረቱ በፊት ወንድምሽን ሐኪም ይየው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመና በዚያ ወራት ምን ይበላ እንደነበረም ለሐኪሙ ንገሪው።