«ይሄ መኪና ዛሬ አይወጣም» ማለት የሚችል ወጣት ሹፌር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስለ ከባድ መኪና ሹፌርነት ላወራችሁ ነው። በተለይ ለወጣቶቹ፣ መንጃ ፈቃዱን ገና ለያዛችሁት ወይ ለመያዝ እየተማራችሁ ላላችሁት። አንተ እያልኩ ሳወራ አንቺም ማለቴ ነው እሺ፣ ሴት ሹፌሮች ታዳምጡኛላችሁ፣ አውቃለሁ።

ልጆች ሲጠይቁኝ ሁሌ የሚመጣው ምን መሰላችሁ፣ ማን ነው ጥሩ የሚከፍለው፣ ረጅም መንገድ ይሻላል ወይስ ቅርብ ቅርቡን፣ የራሴን መኪና መቼ ልግዛ። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ ስለ ክፍያውና ስለ መኪና መግዛቱ እመጣበታለሁ። ግን በዚህ ስራ ላይ ስቆይ ያየሁት፣ አድገው ስም ያወጡትን ልጆች ሁለት ሶስት አመት ሰርተው ተቃጥለው ከወጡት የለያቸው የመንዳት ችሎታ አልነበረም፣ መንዳቱን እኮ ትንሽ ጊዜ ከተሰጠው ሁሉም ይለምደዋል። የለያቸው እምቢ ማለት መቻላቸው ነው። ይሄ መኪና በዚህ ፍሬን አይወጣም፣ ይሄ ጭነት እንዲህ ታስሮ አይሄድም፣ እኔ አሁን እንቅልፌ መጥቷል አልነዳም። በሃያ ምናምን አመትህ፣ ስራው ገና በእጅህ ገብቶ፣ አባትህ የሚሆን አለቃ ፊት ቆመህ ይሄን መናገር በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዋናነት የማወራው ይሄ እምቢታ ከየት እንደሚመጣ ነው።

ከድፍረት ብቻ አይመጣም። «መኪናው ደስ አላለኝም» ካልክ ማንም አይሰማህም፣ ልጅ ነው ፈርቶ ነው ይባላል። «የግራ የኋላ ጎማ ሁለቱ ዳዶዎች ስር የዝገት መስመር ወጥቷል» ካልክ ግን መካኒክ ይጠራል። ያ ዝገት ዳዶው መላላቱን ከሚናገሩ ምልክቶች አንዱ ነው፣ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚወጣ ዱቄት እርጥበት ያገኘውና ከዳዶው ወደ ውጪ የጨረር መስመር ይሰራል። አለቃህ ከዛ ጋር አይከራከርም፣ ቢከራከርም መካኒኩ ያየዋል።

እኔን ስራ ያስተማሩኝ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ትንሽ ነው የሚያወሩት። በቆምን ቁጥር፣ ለነዳጅም ይሁን ለእረፍት፣ ከጋቢና ወርደው መኪናውን ይዞሩታል፣ እያንዳንዱ ጎማ ጋ ሲደርሱ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቸርኬው መሀል ያስጠጋሉ፣ አይነኩትም፣ ጠጋ ብቻ፣ ሙቀቱን ይሰሙታል። ከዛ ወደ ቀጣዩ። መጀመሪያ ምን እያደረጉ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጠርተው እጄን ያዙና አንዱ ጎማ ጋ አስጠጉት፣ ከዛ ከጎኑ ያለው ጋ፣ «ልዩነቱ ተሰማህ?» አሉኝ። አንደኛው በጣም ይፋጃል። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ነበር፣ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ብዙ ቢቆይ ሸራው፣ ማለትም ተጣብቆ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬኑ ክፍል፣ ያልቃል፣ ወይ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ይበላሻል፣ ጎማውም እሳት ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ማሽን አላስፈለጋቸውም፣ የእጅ ጀርባና መዞር ብቻ። እኔም እስካሁን አደርገዋለሁ፣ ከእኔ ጋር የወጡ ልጆችም ያደርጉታል።

ፍሬን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወጣት ሹፌሮች ከሁሉ በላይ የሚፈተኑበት እዚህ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን በንፋስ ነው የሚሰራው፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን ሁለት ነገር አብሮ ይታወቅ። አንደኛ ንፋሱ ፔዳሉን ከረገጥክ በኋላ እስከ መጨረሻው ጎማ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፣ አጭር ነው፣ ግን መኪናው በዛች ቅፅበት ብዙ ሜትር ይሄዳል። ሁለተኛ የማቆሚያ ፍሬኑ የተሰራው በተቃራኒው ነው፣ ንፋስ ነው ከፍቶ የሚይዘው፣ ንፋሱ ሲያልቅ ስፕሪንጉ በራሱ ይይዛል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መሀል መንገድ ላይ በሩጫ ሳለህ እንዲይዝህ አትፈልግም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፈትሽ፣ ሜዳ ላይ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርገህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ለቀህ ፔዳሉን ጥብቅ አርገህ ረግጠህ አንድ ደቂቃ የንፋስ ጌጁን እየው። በአሜሪካ የሹፌሮች መመሪያ ተሳቢ ያለው መኪና በዛ ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መጣል የለበትም፣ ፒኤስአይ የንፋሱ ግፊት መለኪያ ነው። ከዛ ፔዳሉን እየረገጥክ እየለቀቅክ ንፋሱን አውርደው፣ 55 ፒኤስአይ ሳይደርስ ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። ካልጮኸ፣ በቃ፣ አልወጣም የምትልበት ምክንያት በእጅህ ነው፣ ቁጥር ነው፣ ማንም ፈሪ ሊልህ አይችልም።

ቁልቁለት ደሞ አለ። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው የሙሉ ጭነት ጣሪያ 40 ቶን ነው፣ አሜሪካ 80,000 ፓውንድ፣ ወደ 36 ቶን ገደማ። ይሄን ክብደት ይዘህ ስትወርድ ፍጥነትህን እጥፍ ካደረግከው ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ያ ሁሉ ደግሞ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሸራው የሚይዘው ብረት፣ ታምቡሩ፣ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ሸራውም ሲግል መያዝ ያቅተዋል፣ አንተ ፔዳሉን ትረግጣለህ መኪናው ይሄዳል። ስለዚህ ውሳኔው የሚወሰነው ጫፉ ላይ ነው፣ ከመውረድህ በፊት። ማርሽህን እዛው ቀንስ። ወርደህ ፍጥነት ከያዝክ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብትል አልገባም ሊልህ ይችላል፣ ያኔ ማርሽ አልባ ቀረህ ማለት ነው። ዋናውን ስራ ሞተሩና የሞተር ፍሬኑ ይስራው፣ የእግር ፍሬኑን እያቋረጥክ ነው የምትጠቀመው፣ ለምሳሌ የመረጥከው ፍጥነት 60 ከሆነ እሱ ጋ ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ወደ 50 ታወርደዋለህ፣ ትለቃለህ፣ ሞተሩ እንደገና 60 እስኪደርስ ይይዘዋል። ቀለል አድርገህ ረግጠህ ሙሉ ቁልቁለቱን ከወረድክ ሸራው እረፍት አያገኝም። መንገዱ እርጥብ ከሆነና ባዶ ከሆንክ ደሞ የሞተር ፍሬኑን አጥፋው፣ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ሊንሸራተቱና ተሳቢው ሊታጠፍብህ ይችላል። ከኋላህ ጥሩምባ የሚነፋ ይኖራል፣ ሁሌም አለ። ይንፋ። ቀስ ብሎ መውረድም እምቢታ ነው።

አሁን እንቅልፍ። ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ወጣት ሰው ጉልበቱን ያምናል። ትልልቆቹ ሹፌሮች ሲደክማቸው ያውቁታል፣ ወጣቱ ግን እችላለሁ ነው የሚለው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ምላሹ የሚዘገየው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው፣ ይሄ በጥናት የታየ ነገር ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ በሰከንድ 22 ሜትር ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ አራት ሰከንድ ብትሸለብ ወደ 90 ሜትር በእንቅልፍ ነዳህ ማለት ነው፣ አይንህ ክፍት ሆኖ ራሱ ይሄ ይደርሳል። ሰውነት የሚከዳበት ሰዓትም አለ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት፣ እና ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ። መስኮት መክፈት፣ ዘፈን ከፍ ማድረግ፣ ፊት መታጠብ፣ ትንሽ ያነቃህ ይመስልሃል እንጂ ድካሙን አያነሳውም። የሚያነሳው እንቅልፍ ብቻ ነው። 20 ደቂቃ ራሱ ይረዳል፣ ስትነቃ ግን ወዲያው መሪ አትያዝ፣ ውረድ፣ መኪናውን ዙረው፣ እጅህን ቸርኬው ጋ አስጠጋ፣ ከዛ ሂድ።

ህጉም ከጎንህ ነው። አውሮፓ ውስጥ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳህ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው፣ በቀን 9 ሰዓት ነው የሚነዳው፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ 10 ይፈቀዳል። አሜሪካ ውስጥ 10 ሰዓት ተከታታይ እረፍት ካደረግክ በኋላ 11 ሰዓት ትነዳለህ፣ እሱም ስራ ከጀመርክ 14 ሰዓት ሳይሞላ። እነዚህን ቁጥሮች ብዙ ወጣት እንደ ቁጥጥር ነው የሚያያቸው፣ የመንዳት ሰዓትህን የሚመዘግበውን ታኮግራፍ እንደ ሰላይ። እኔ ግን አለቃ ሲጫንህ የምትቆምበት መሬት ናቸው ነው የምለው። የምትሰራበት አገር ህግ ምን እንደሚል በቃልህ ያዝ፣ አንዴ «ህጉ እንዲህ ይላል» ብለህ በረጋ ድምፅ ስትናገር አብዛኛው ሰው ይመለሳል።

ሁሉም አይመለስም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ወጣት ሆኜ፣ ሸክላ የጫነ መኪና ተረከብ ተባልኩ፣ ሳየው የታሰረው በሁለት ገመድ ነው፣ ከፊት ለፊት ደሞ ባዶ ቦታ አለ። በደንብ ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ወደ ፊት የሚገፋው በክብደቱ 0.8 ያህል ነው ተብሎ ነው ማሰሪያው የሚሰላው፣ 20 ቶን ከሆነ 16 ቶን እንደሚገፋ ቁጠሩት፣ ወደ ጋቢናው፣ ወደ ጀርባህ። እንደገና ይታሰር አልኩ። ጊዜ የለም ተባልኩ። እንግዲያው አልሄድም አልኩ። ስምሪት ክፍሉ ተናደደ፣ ጉዞውን ለሌላ ሰጠው፣ እኔ ሳልሰራ ዋልኩ፣ ገንዘቡም ቀረብኝ። ያንን ቀን እስካሁን አልቆጨኝም። ከጊዜ በኋላ ውድና አስቸጋሪ እቃ ሲመጣ ያው የስምሪት ሰው ስሜን ጠራ፣ «እሱ ካየው ይደርሳል» አለ። ደሞዝ ያደገው ከዛ ወዲህ ነው።

እና ከፋዩ ማን ነው ለሚለው፣ የሚከፈለውን መጠን ብቻ አትጠይቅ፣ አከፋፈሉን ጠይቅ። በኪሎ ሜትር ከሆነ መጋዘን በር ላይ ስትጠብቅ የምትውለውን ሰዓት ማን ይከፍላል? ጭነቱ ከልክ በላይ ሆኖ ብትያዝ ቅጣቱ የማን ነው? መኪናው ሲበላሽ አንተ ትከፈላለህ? መካኒክ አላቸው ወይ፣ አዲስ ሹፌር ከልምድ ካለው ሰው ጋር ያወጣሉ ወይስ ቁልፍ ሰጥተው ይልኩሃል? በእኔ እምነት የመጀመሪያ ስራህን ስትመርጥ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከፍሎህ ከጎንህ የሚያስተምር ሰው የሚያስቀምጥ ድርጅት፣ ከፍ አርጎ ከፍሎህ በሶስተኛው ቀን ብቻህን ከሚልክህ ይበልጣል። ጥያቄውን ስትጠይቃቸው የሚቆጡ ከሆነ ደሞ መልሱን አገኘኸው።

ከዛ ወዲያ ነው ልዩ ሙያ የሚመጣው። ቦቴ፣ ማቀዝቀዣ፣ ከመጠን ያለፈ ጭነት፣ አደገኛ ኬሚካል። አውሮፓ ውስጥ ለአደገኛ እቃ ኤዲአር የሚባል ሰርተፍኬት አለ፣ ተምረህ ተፈትነህ ነው፣ 5 አመት ያገለግላል። ቦቴ ከሁሉም ይለያል፣ በተለይ ግማሽ ሲሞላ፣ አንተ ቆመህ ፈሳሹ አልቆመም፣ ከኋላ መጥቶ የፊቱን ግድግዳ ሲመታው የቆመውን መኪና ወደ ፊት ይገፋዋል። ሳትቸኩል የምትነዳ ሰው ከሆንክ ለዚህ ስራ ትፈለጋለህ፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የራሴን መኪና ልግዛ ለምትሉት፣ እኔ ቶሎ አትግዙ ነው የምለው። ችሎታ ስለጎደላችሁ አይደለም። ብድር ያለበት ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል፣ ወር ሲደርስ ክፍያ አለ፣ ጎማው ያለቀ መሆኑን እያየ ይወጣል፣ እንቅልፉ እየመጣ ይነዳል። መጀመሪያ የሰው መኪና ላይ ሆናችሁ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ጥገናውን ለራሳችሁ ደብተር ላይ መዝግቡ። ቆሞ ሞተሩ የሚሰራ ከባድ መኪና ራሱ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ነዳጅ ይበላል፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነገር በቁጥር እወቁት። ከዛ ሁለት ሶስት ወር ያለ ስራ ብትቆሙ የመኪናውን ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብ ተቀማጭ ሲኖራችሁ ያኔ እናውራ።

መኪና ወደ ኋላ ስለ መንዳት ጥያቄ የላካችሁልኝ አላችሁ፣ አልረሳሁም፣ እሱ ለብቻው ሰፊ ስለሆነ በሚቀጥለው ክፍል እመጣበታለሁ። እስከዛ አንድ ነገር ብቻ፣ ካላየህ ቁም፣ ውረድና እይ፣ የፈለገ ሰው እየጠበቀህ ቢሆን። በሉ ቻው፣ በሰላም ግቡ።